አዲስ የቅዳሴ ትርጉም ሲመጣ ቁምስናንና ትምህርት ቤትን ማዘጋጃ መመሪያ

ከካቶሊክ ቁምስና (አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን) ምክር ቤቶች፣ ከካቴኪስቶች (የሃይማኖት አስተማሪዎች) እና ከትምህርት ቤት ርእሳነ መምህራን ደጋግሞ የሚደርሰን ጥያቄ አንድ ነው፦ «አዲሱ የቅዳሴ ትርጉም በዚህ ቀን ይጀመራል ተብለናል፤ ከየት እንጀምር?» መልሱ ከታች በቅደም ተከተል ተቀምጧል። ምሳሌዎቹን በአብዛኛው የወሰድነው እ.ኤ.አ. በ2011 ሥራ ላይ ከዋለው የእንግሊዝኛው የሮማ መጽሐፈ ቅዳሴ ነው። ለውጡ ሰፊ ስለነበር የት የት እንደሚያደናቅፍ በደንብ ታይቷል። የምትቀድሱበት ቋንቋ ሌላ ቢሆንም ሥራው ያው ነው።

ከሁሉ በፊት ይህን ያዙ፦ ምእመን በአዲሱ ጽሑፍ የሚሳሳተው ትርጉሙ ስላልገባው ሳይሆን አሮጌው አፉ ላይ ስላለ ነው። ስለዚህ ጊዜያችሁን በገለጻ አትጨርሱት፤ አብዛኛው ድምፅ አውጥቶ ለመለማመድ ይዋል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች (300 መቀመጫ ላለው ቤተ ክርስቲያን)

- ከሀገረ ስብከቱ የተላከ፣ የጸደቀው ሙሉ ጽሑፍ፣ 1 ቅጂ
- አዲሱ መጽሐፈ ቅዳሴ፦ ለእያንዳንዱ መሠዊያ 1 (የትምህርት ቤቱንና የገጠር ጸሎት ቤቶችን መሠዊያ ጨምሮ)
- የምእመናን ካርድ 330፤ ለእያንዳንዱ መቀመጫ አንድ፣ ለሚጠፋውና ለሚቀደደው ደግሞ አሥር በመቶ ተጨማሪ
- በትልቅ ፊደል የታተመ ካርድ ከ20 እስከ 30
- አሮጌውና አዲሱ ጎን ለጎን የተጻፈበት ማነጻጸሪያ ወረቀት፦ ለካህናት፣ ለካቴኪስቶች፣ ለመዘምራን መሪዎችና ለመምህራን ብቻ
- ለመጽሐፉ ባለ ቀለም ሪባን 6፣ እርሳስና ላጲስ (እስክሪብቶ አይሆንም)
- ድምፅ መቅጃ፤ ስልክ ይበቃል
- «አሮጌ» ተብሎ የተጻፈበት ትልቅ ካርቶን 2

ደረጃ 1፦ ትክክለኛውን ጽሑፍና ትክክለኛውን ቀን ያዙ

የቅዳሴ ትርጉም የሚያጸድቀው የሀገሩ የጳጳሳት ጉባኤ ነው፤ ከዚያ ቅድስት መንበር (ቫቲካን) ታረጋግጠዋለች። እ.ኤ.አ. በ2017 የተሻሻለው የቀኖና ሕግ ቁጥር 838 ለጳጳሳቱ የበለጠ ኃላፊነት ሰጠ እንጂ ማንም ካህን ወይም ትምህርት ቤት ጽሑፉን በራሱ እንዲያስተካክል አልፈቀደም። ስለዚህ በቴሌግራም የተላከላችሁን ወይም ከኢንተርኔት ያወረዳችሁትን ይዛችሁ ማተሚያ ቤት አትሂዱ። ረቂቅና የመጨረሻው ጽሑፍ በአንድ ቃል ቢለያዩ እንኳ 330 ካርድ ይባክናል።

ቀኑንም በጽሑፍ አረጋግጡ። በደቡባዊ አፍሪካ የምእመናኑ ክፍል በአለመግባባት እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2008 መጨረሻ ተጀመረ፤ አብዛኞቹ ሌሎች ሀገሮች ግን እስከ 2011 ጠብቀዋል። የአጀማመሩም ዓይነት ይለያያል። በአሜሪካ ኖቬምበር 27 ቀን 2011 ለሁሉም ግዴታ ሆነ፤ የሚዘመሩትን ክፍሎች ግን ከሴፕቴምበር ጀምሮ ማስለመድ በጳጳሱ ፈቃድ ይቻል ነበር። በጣሊያን ከኖቬምበር 29 ቀን 2020 ጀምሮ መጠቀም ተፈቀደ፣ ግዴታ የሆነው በ2021 የትንሣኤ በዓል ዕለት ነው። የእናንተ የትኛው እንደሆነ ካላወቃችሁ ቀሪውን ዕቅድ ማውጣት አትችሉም።

ኢትዮጵያ ውስጥ ላላችሁ፦ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጽፋችሁ ለጥፉ፤ ስትቀይሩም ተጠንቀቁ። ኖቬምበር 27 ብዙውን ጊዜ ኅዳር 18 ነው፤ ጳጉሜን 6 ቀን በሆነችበት ዓመት ማግስት ግን ኅዳር 17 ላይ ይውላል። የ2011ዱም እንዲሁ ነበር፤ ኅዳር 17 ቀን 2004 ዓ.ም.።

ደረጃ 2፦ አሮጌው ጽሑፍ ያለበትን ሁሉ መዝግቡ

ሁለት ሰው ደብተር ይዞ ከዕቃ ቤት እስከ መጨረሻው ወንበር ይዙር። መጽሐፈ ቅዳሴውን ማንም አይረሳውም፤ የሚረሱት እነዚህ ናቸው፦

- የመዘምራን ማኅደርና የኦርጋኑ መቀመጫ ውስጥ ያሉ ፎቶ ኮፒዎች
- የሠርግና የቀብር ቅዳሴ ቡክሌቶች
- ለታመሙ ቁርባን የሚወስዱ አገልጋዮች የሚይዙት ትንሽ ወረቀት
- የመጀመሪያ ቁርባን ማስተማሪያ ደብተር
- በክፍል ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ጸሎት
- በኮምፒውተርና በፍላሽ ላይ ያሉ የፕሮጀክተር ስላይዶች
- ካህኑ በወር አንዴ የሚሄዱባቸው የገጠር ጸሎት ቤቶች ወረቀቶች

ይህ የሚያስፈልገው አንድ ቦታ የቀረ አሮጌ ወረቀት ሕዝቡን ለሁለት ስለሚከፍል ነው። ግማሹ ካነበበው፣ ግማሹ ከለመደው ይመልሳል፤ ድምፁም ይደበላለቃል።

ደረጃ 3፦ ለውጡን በሦስት ክፈሉ

ማነጻጸሪያ ወረቀቱን ስታዘጋጁ የምእመናኑን፣ የካህኑንና የሚዘመረውን ለዩ። ሙሉውን መጽሐፍ ለሕዝብ ማስተማር አያስፈልግም። በ2011ዱ እንግሊዝኛ የምእመናኑ ለውጥ ሲጠቃለል አንድ ገጽ ይበቃዋል፦

- ለካህኑ ሰላምታ መልሱ «ኤንድ ኦልሶ ዊዝ ዩ» (ከአንተም ጋር) የነበረው «ኤንድ ዊዝ ዮር ስፒሪት» (ከመንፈስህም ጋር) ሆነ። በአንድ ቅዳሴ 5 ጊዜ ይመጣል፦ በመክፈቻ፣ ከወንጌል በፊት፣ በመቅድሙ ንግግር (ከ«ቅዱስ» በፊት ካህኑና ሕዝቡ በሚቀባበሉት)፣ በሰላም ሰላምታና በመጨረሻው ቡራኬ።
- በኃጢአት ኑዛዜው ጸሎት «በጥፋቴ» የሚለው ሦስት ጊዜ ይደገማል፤ ደረትም ይመታል።
- «ስብሐት ለእግዚአብሔር» ከሞላ ጎደል ከላይ እስከ ታች ተለወጠ።
- ጸሎተ ሃይማኖት «እናምናለን» ከሚለው ወደ «አምናለሁ» ዞረ፤ «ኮንሰብስታንሻል» (ከአብ ጋር በባሕርይ አንድ የሆነ) የሚለውም ቃል ገባ።
- በመቅድሙ ንግግር ሦስተኛው መልስ አጥሮ «ኢት ኢዝ ራይት ኤንድ ጀስት» (ተገቢና ትክክል ነው) ሆነ።
- «ቅዱስ ቅዱስ ቅዱስ» ላይ አንድ ሐረግ ተለወጠ።
- በቁርባን ጸሎቱ መሀል ብዙ ሰው በቃሉ የሚያውቀው «ክራይስት ሃዝ ዳይድ» (ክርስቶስ ሞተ) የሚለው አዋጅ ወጣ።
- ከመቁረብ በፊት የሚባለው የመቶ አለቃው ቃል «ከጣሪያዬ በታች ልትገባ» የሚለውን ያዘ።

ከዚህ ወረቀት በታች ያልተለወጠውንም ጻፉ። በ2011ዱ «አባታችን ሆይ» እና «የእግዚአብሔር በግ» አልተነኩም። ይህን ሲሰማ ሕዝቡ እፎይ ይላል፤ መምህራኑም ያልተለወጠውን በማስተማር ጊዜ አያጠፉም። በጣሊያንኛው ግን «አባታችን ሆይ» ራሱ ተለውጧል፤ ስለዚህ የራሳችሁን ጽሑፍ ሳታዩ ከሌላ ሀገር ዝርዝር አትቅዱ።

ደረጃ 4፦ ከቀኑ ወደ ኋላ ቁጠሩ

12 ሳምንት ይበቃል፤ ከ8 በታች ከሆነ የመዘምራኑ ሥራ አይደርስም። ከ12ኛው እስከ 10ኛው ሳምንት ደረጃ 1፣ 2 እና 3ን ጨርሳችሁ ሕትመት እዘዙ። 9ኛው የካህናት፣ 8ኛው የመዘምራንና የመምህራን መጀመሪያ ነው። ከ5ኛው ሳምንት ጀምሮ ሕዝቡ ይለማመዳል። ትምህርት በመስከረም ለሚከፈትበትና ጅማሬው በዘመነ ምጽአት (ከገና በፊት ባለው የዝግጅት ጊዜ) መግቢያ ላይ ለሚሆን ቁምስና ጊዜው ልክ ነው፤ ሕትመቱ ግን ክረምት ላይ መታዘዝ አለበት።

ደረጃ 5፦ በመጀመሪያ ካህኑ

ብዙ ቁምስናዎች ይህን ይዘሉታል፤ ትልቁ ችግርም የሚመጣው ከዚህ ነው። ከሕዝቡ ይልቅ የሚለወጥባቸው ካህኑ ናቸው። በ2011ዱ የመክፈቻ ጸሎቶቹ የላቲኑን አገነባብ ስለተከተሉ አንዱ ጸሎት አራትና አምስት መስመር የሚሄድ አንድ ዓረፍተ ነገር ሆነ። በዓይን ብቻ ያዩት ካህን መሀል ላይ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፣ ሐረጉ ይሰበራል፣ ሰሚውም ጸሎቱ መቼ እንዳለቀ ስለማያውቅ «አሜን» ሳይል ይቀራል።

አሠራሩ፦ የእሑዱን ጸሎቶች ሐሙስ ዕለት ድምፅ አውጥተው ሁለት ጊዜ ያንብቡ። ትንፋሽ በሚወስዱበት ቦታ በእርሳስ ትንሽ ጭረት ያድርጉ። የቁርባን ጸሎቶቹን ደግሞ መሠዊያው ላይ ቆመው፣ እጅ ዘርግተው፣ ገጽ እየገለጡ ይለማመዱ። አዲሱ መጽሐፍ ገጹ የሚዞርበት ቦታ ከአሮጌው ስለሚለይ እጅ የለመደው ቦታ ላይ አይገኝም። ሪባኖቹን ቀድማችሁ መድቡ፤ ለምሳሌ ቀይ ለዕለቱ ጸሎት፣ ቢጫ ለመቅድም፣ አረንጓዴ ለቁርባን ጸሎት፣ እያላችሁ። ምደባው በሁሉም መሠዊያ አንድ ይሁን፤ እንግዳ ካህን ሲመጡ አይቸገሩም።

መጽሐፉን የሚይዘውን የመሠዊያ አገልጋይ ልጅም አትርሱ። አዲሱ መጽሐፍ ከቀድሞው ሊከብድ ይችላል፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከፍቶ በደረቱ ልክ ለሁለት ደቂቃ ሊይዘው መቻሉን በልምምድ እዩ። ካልቻለ ከፍ ያለ ልጅ ተኩ፤ አለዚያም አትሮንስ ከወንበሩ አጠገብ አቁሙ። የአትሮንሱንም ስፋት ከመጽሐፉ ጋር ለኩ።

ደረጃ 6፦ መዘምራን

ዜማ ቃል ይይዛል፤ የተዘመረ ጽሑፍ ከተነበበው ቀድሞ ይለመዳል። ስለዚህ ሕዝቡ የሚዘምራቸውን ክፍሎች አስቀድሙ።

አሮጌውን ዜማ በአዲሱ ቃል ላይ መጎተት የተለመደ ስህተት ነው። በእንግሊዝኛው «ቅዱስ» ላይ «ሎርድ፣ ጋድ ኦፍ ፓወር ኤንድ ማይት» የነበረው «ሎርድ ጋድ ኦፍ ሆስትስ» ሲሆን ሦስት ክፍለ ቃል ቀነሰ። በድሮው ዜማ ሲዘመር መጨረሻው ላይ ትርፍ ኖታ ይቀራል፤ ሕዝቡም ክፍተቱን ለመሙላት የድሮውን ቃል መልሶ ያስገባዋል። እንደዚህ ያለ ዜማ ከሆነ ተዉትና አዲስ ያዙ።

በመጀመሪያው ዓመት አንድ ዜማ ብቻ ምረጡ፤ ቁምስናውና ትምህርት ቤቱ ያንኑ ይጠቀሙ። ሁለት ዜማ ማለት ቃሉ ሁለት ጊዜ መማር አለበት ማለት ነው። ዜማውም ጽሑፉም የባለ መብት ፈቃድ ስለሚያስፈልጋቸው ከማባዛታችሁ በፊት ሀገረ ስብከቱን ጠይቁ።

ደረጃ 7፦ ካርዱ

- መጠኑ ኤ5፣ ከ160 እስከ 200 ግራም ወረቀት፤ ተራው 80 ግራም በሁለት ወር ይጠቀለላል።
- የግዕዝ ፊደል ከ14 ነጥብ አይነስ፤ ትልቁ ካርድ 20 ይሁን። ላቲን ፊደል በ12 ይነበባል፣ አማርኛ በ12 ግን ደብዛዛ ብርሃን ባለበት ቤተ ክርስቲያን ለአዛውንት አይታይም።
- የካህኑን ቃል በስስ፣ የሕዝቡን መልስ በደማቅ አትሙ። የካህኑ ቃል መኖር አለበት፤ መልሱ የሚነሳው ከእሱ ስለሆነ።
- ለማተሚያ ቤት የሚላከው ፋይል ፒዲኤፍ ይሁን። በድሮው የፓወር ግዕዝ ፊደል የተጻፈ ፋይል ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ፊደሉ ሁሉ ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል። ከመታተሙ በፊት አንድ ናሙና አስወጥታችሁ፣ ሁለት ሰው አንዱ እያነበበ አንዱ ከጸደቀው ጽሑፍ ጋር እያስተያየ ያርመው።
- ላሚኔት ካደረጋችሁ የማያብረቀርቀውን ምረጡ፤ የሚያብረቀርቀው ከመብራት በታች አይነበብም።

ማስጠንቀቂያ፦ አሮጌውና አዲሱ ጎን ለጎን ያለበት ወረቀት በቅዳሴ ሰዓት ወንበር ላይ አይቀመጥ። ዓይን ወደሚያውቀው ይሮጣል። ያ ወረቀት ለትምህርት ብቻ ነው።

ደረጃ 8፦ ሕዝቡን ማለማመድ

ቅዳሴ ሊጀመር 10 ደቂቃ ሲቀረው፣ ለ5 ደቂቃ። በስብከት ቦታ አታድርጉት፤ ከቅዳሴ በኋላም አይሁን፣ ሰው ወጥቶ ያልቃል። አምስቱ እሑዶች እንዲህ ይከፈሉ፦

1. የሰላምታው መልስና የመቅድሙ ንግግር
2. «ስብሐት ለእግዚአብሔር»፣ በዜማ
3. «ቅዱስ» እና ከቁርባን ጸሎቱ መሀል ያለው አዋጅ
4. ጸሎተ ሃይማኖት፣ በሚሰገድበት ቦታ እየሰገዱ
5. የኃጢአት ኑዛዜውና ከመቁረብ በፊት ያለው ጸሎት፤ ከዚያ ሁሉም በፍጥነት አንዴ

መሪው የካህኑን ቃል ይበል፣ ሕዝቡ ይመልስ፤ ሦስት ጊዜ። መልሱን ብቻውን ማስጠናት አይጠቅምም፣ ምክንያቱም በቅዳሴ ላይ አፍን የሚከፍተው የካህኑ ቃል ነው። «ከእንግዲህ እንዲህ አትበሉ» እያሉ አሮጌውን መጥራትም ይቅር፤ በጠራችሁት ቁጥር ታድሱታላችሁ።

ማስጠንቀቂያ፦ ልምምድ ልምምድ ነው። ጳጳሱ ካልፈቀዱ በስተቀር ቀኑ ሳይደርስ አዲሱን በራሱ በቅዳሴው ውስጥ አትጠቀሙበት።

ለማያነቡ፣ ለማያዩና ቤት ለዋሉ ሕሙማን አምስት ደቂቃ የማይሞላ ቅጂ አዘጋጁ። አንድ ድምፅ የካህኑን፣ ሁለትና ሦስት ድምፅ የሕዝቡን መልስ ይበሉ፤ በቁምስናው ቴሌግራም ላኩት። ቁርባን የሚወስዱት አገልጋዮች ለሕሙማኑ አስቀድመው ያሰሟቸው። እነዚህ ሰዎች ዓመታት በቃላቸው ያሉትን ጸሎት ድንገት በአዲስ ሲሰሙ ግራ ይጋባሉና በመጀመሪያው ቀን ብቻቸውን እንዳይቀሩ።

ደረጃ 9፦ ትምህርት ቤቱ

መምህራኑ ከልጆቹ ሁለት ሳምንት ይቅደሙ። በጠዋት ሰልፍ ላይ መምህሩ አሮጌውን ከመለሰ የሦስት ሳምንት ልምምድ ያን ቀን ይፈርሳል።

ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ያሉትን ወረቀት አትስጧቸው፤ በጆሮና በዜማ ይማሩ። ከ4ኛ እስከ 8ኛ ያሉት በካርድ፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው አንዱ ካህን አንዱ ሕዝብ እየሆነ። ከዚያ በላይ ያሉት «ለምን ተለወጠ?» ብለው ስለሚጠይቁ አንድ ክፍለ ጊዜ ለጥያቄያቸው ስጡ። «ምስለ መንፈስከ» ሲባል እየሰማ ያደገ የእኛ ልጅ አዲሱን የእንግሊዝኛ መልስ ለማስረዳት ብዙ አያደክምም፤ የግዕዙን አስታውሱትና ይበቃዋል።

ለሕፃናት ብላችሁ የቀለለ መልስ አትፍጠሩ። እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣው ከሕፃናት ጋር የሚደረግ ቅዳሴ መመሪያ ብዙ ነገር ለልጆች እንዲመች ማስተካከል ይፈቅዳል፤ ለካህኑ ሰላምታ የሚሰጡትን መልሶች፣ «አባታችን ሆይ»ን እና የቡራኬውን የሥላሴ ቃል ግን አይነኩም ይላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ልጁ እሑድ ከወላጆቹ ጋር ሲቆም ሌላ ነገር መመለስ የለበትም።

ትምህርት ቤታችሁ የተለያየ እምነት ያላቸው ልጆች የሚማሩበት ከሆነ ልምምዱ በካቴኪዝም ሰዓት ይሁን፣ ለወላጆችም አስቀድማችሁ ንገሩ። ካቶሊክ የሆኑት ልጆች ግን ካርዱን ወደ ቤት ይውሰዱ። እናትና አባት ከማንም በላይ የሚማሩት ከልጃቸው ነው።

ደረጃ 10፦ የመጀመሪያው እሑድ

ዋዜማውን ቅዳሜ አሮጌ ወረቀቶችን በሙሉ ሰብስባችሁ ካርቶኑ ውስጥ ክተቱ፣ አዲሱን ካርድ ወንበሩ ላይ አድርጉ። በዋዜማ የምሽት ቅዳሴ ካለ ከዚያ በፊት ይሁን። መልስ የሚመራ አንድ ሰው በማይክ ይመደብ። ካህኑ ሰላምታ ከሰጡ በኋላ አንድ ትንፋሽ ያህል ይጠብቁ። ሕዝቡ ቢሳሳት ቅዳሴ አቋርጦ ማረም አይገባም። ብዙ ጊዜ የሚስቱት ካርዱን ያስቀመጡበት፣ ሐሳባቸውም ወደ በሩ የዞረበት የመጨረሻው ቡራኬ ላይ ነው፤ መሪው እዚያ ድምፁን ከፍ ያድርግ።

የተለመዱ ስህተቶች

- *ሕዝቡን አሰልጥኖ እንግዳ ካህናትን መርሳት።* ለሚተኩ ካህናት ማነጻጸሪያውን ከሳምንት በፊት ላኩ።
- *በሦስተኛው ሳምንት ካርዱን ማንሳት።* ሰላምታው በፍጥነት ይለመዳል፣ ጸሎተ ሃይማኖት ግን ወራት ይወስዳል። ካርዱ ቢያንስ እስከ ትንሣኤ ይቆይ።
- *ሁሉንም በአንድ ትልቅ ስብሰባ መጨረስ።* የሁለት ሰዓት ስብሰባ የሚያተርፈው ግንዛቤ ነው፤ አፍ አይለማመድበትም።
- *ስላይዱን ካርዱ ካለቀ በኋላ ለብቻ መተየብ።* ሁለቱም ከአንድ ፋይል ይውጡ፣ አለዚያ ይለያያሉ።

ደረጃ 11፦ አሮጌዎቹ መጻሕፍት

ለአምልኮ የዋለ መጽሐፍ ለመጠቅለያ አይሰጥም፣ ቆሻሻ ላይም አይጣልም። አንድ ቅጂ ለቁምስናው መዝገብ ቤት አስቀሩ፤ የቀረውን በቅጥር ግቢው ንጹሕ ቦታ ቅበሩ፣ ወይም አቃጥላችሁ አመዱን ቅበሩ። ፎቶ ኮፒዎቹንም አብራችሁ አስወግዱ። ለሌላ ቁምስና «ለማንኛውም» ብላችሁ አትስጡ፤ እነሱም ያንኑ ለውጥ ላይ ናቸው።

ከዚያ በኋላ ለዓመት ያህል የሚያስፈልግ አንድ ነገር አለ። በቀብርና በሠርግ ቅዳሴ ለረጅም ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ያልመጡ ሰዎች ይሰበሰባሉ፤ እነሱ የሚያውቁት አሮጌውን ነው፣ ድምፃቸውም የእናንተን ይውጠዋል። ለዚህ 50 ካርድ ለብቻ በሣጥን በር ላይ ይቀመጥ፣ አስተናጋጁ ለሚገባው ሁሉ በእጁ ይስጥ፣ ሲወጡም ይቀበል።